የዛሪማው ነጋዴ በሕንዶች ማዕድ

ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው ጐዳና ደባርቅን ዐልፎ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቍልቍለት የጨረሰ መንገደኛ፥ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ላቡን የሚጠርግባት ቆላማ ከተማ ዛሪማ ትባላለች። በዚያ የሚያልፍ ሰው ከመኪናው ወርዶ ሻይ ይጠጣ እንደ ሆነ እንጂ ብዙ አይቆይባትም። ነገር ግን ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረች ጊዜ፥ ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ በዐድዋ በኩል ተከዜን የሚሻገረው ሲራራ ነጋዴ የሊማሊሞን ዳገት ከመያዙ በፊት ይህንን ቆላ ማቋረጥ ነበረበት። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1769 ምጽዋ ደርሶ፥ በ1770 በየካቲት ወር ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። በምጽዋ ገበያ ገንዘብ የሚያበድሩትና ጨርቅ የሚነግዱት፥ ባንያን የሚባሉት ሕንዶች ነበሩና፥ በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጎንደር ከሚወጣው ሸቀጥ መካከል የሕንድ ጨርቅና ቁንዶ በርበሬ አይጠፋም ነበር። ስለዚህ ሕንድ ለዛሪማ ሰው ሩቅ አገር ቢሆንም፥ ዕቃውስ ከጥንት ጀምሮ በደጁ ሲያልፍ የኖረ ነው።

በዚህች ከተማ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ በ2010 ዓ. ም. በጥር ወር ሁለት ልጆቹን ይዞ እስከ አዲስ አበባ ተጓዘ። ጉዞው ለሽርሽር አልነበረም። ነጋዴው አዘዞ ከሚኖረው ከሚስቱ ወንድም ጋር ተማክሮ፥ ከደንቢያ ገበሬዎች 160 ኩንታል ሽምብራ ገዝቶ በመጋዘን አኑሮ ነበር። ከዋጋው እኩሌታው የራሳቸው ገንዘብ ሲሆን የቀረው ብድር ነው። ዋጋ ከፍ ይላል ብለው አንድ ክረምት አሳልፈው ሲጠብቁ፥ በታኅሣሥ ወር የሕንድ መንግሥት ከውጭ በሚገባ ሽምብራና ምስር ላይ ከመቶ 30 ቀረጥ ጣለ። ምክንያቱ የአገሩ ምርት በዝቶ የገበሬው ዋጋ ስለ ወደቀ ነው። ሕንድ በሽምብራ ምርት ከዓለም የመጀመሪያዪቱ፥ በመብላትም የመጀመሪያዪቱ ናትና፥ በዴልሂ የተወሰነው ነገር ሳምንት ሳይሞላ በጎንደር ገበያ ተሰማ። ሲደርስም እንደ ወሬ ልማድ ተለውጦ፥ «ሕንድ ሽምብራ አልገዛም አለች» ተብሎ ነው። ገዢዎችም ይህንኑ ይዘው ዋጋ ይሰብሩ ጀመር። ዐዲሱ መኸር ደግሞ አንድ ወር ቢቀረው ነው። ብድሩ ይቈጥራል፤ ነቀዝም ቀን አይጠብቅም። በዚህ ጊዜ ነጋዴው በሰው አፍ ከመነገድ ራሴ ሄጄ ልየው ብሎ ተነሣ።

ልጆቹን ማስከተሉ ግን ዐቅዶት አልነበረም። ሴቲቱ 12 ዓመቷ፥ ወንዱ 8 ዓመቱ ነው። የትምህርት ቤት የዕረፍት ጊዜያቸው ስለ ደረሰ፥ ጥምቀትን በጎንደር ሊያሳያቸው ቀድሞ ቃል ሰጥቷቸዋል። እናትዮዋ ሱቁን ለመጠበቅ ስትቀር ለልጅቱ አንድ አደራ ሰጠቻት፤ ይኸውም ጾመ ነነዌ በመንገድ ላይ ስለሚውል፥ አባትዮው በሥራው ሐሳብ ተይዞ ታናሽ ወንድሟን ያላግባብ እንዳያስገድፈው እንድትጠብቅ ነው። የእናትን አደራ የተቀበለች ልጅ እንዴት ያለች ዘበኛ እንደምትሆን ልጆች ያሉት አንባቢ ያውቀዋል።

በጎንደር ጥምቀትን በፋሲል መዋኛ አከበሩ። በማግሥቱም ወደ ግቢው ገብተው ግንቡን ሲያዩ፥ አባትዮው ከአሳያቸው ሰው ስለ ኖራው የሚከተለውን ሰሙ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1621 ገደማ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በዚህ አገር ለይቶ ያወቀው ከሕንድ የመጣ ሰው መሆኑን የዘመኑ የኢየሱሳውያን መነኮሳት ጽፈዋል። ከየመን ኢማም ተልኮ በ1648 ጎንደር የገባው መልእክተኛ አልሐይሚም፥ የዐፄ ፋሲልን ግንብ የሠራው ሕንዳዊ ግንበኛ ነው ሲል መስክሯል። ትንሹ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ፥ «አባየ፥ ታዲያ ሕንዱ ምን እየበላ ነው ይህን ሁሉ የሠራው?» ብሎ ጠየቀ። አባትዮው ሳቀ፤ መልስ ግን አልነበረውም። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም ከንግድ ሰው የሚጠበቅ ነው፤ ገዢህ ምን እንደሚበላ ሳታውቅ ምን ልትሸጥለት ኖሯል?

የነጋዴው አባት በጎንደር የተማሩ ስለ ሆነ በሕንድ መምህራን እጅ ዐልፈዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ብዙ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ ነበር፤ በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ሁሉ አንድ የሕንድ መምህር ስም ከነአነጋገሩ ያስታውሳል። ሽማግሌውም ስለ መምህራቸው የሚያወሩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል ማስጠናታቸውን፥ እንዲሁም ከምሳ ሰዓት በፊት ከቤታቸው መስኮት የሚወጣውን የሽንኩርትና የቅመም ሽታ። ያ ሽታ ምን እንደ ነበረ ልጃቸው ያወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ ነው።

ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ለልጅ ረጅም ነው። ነጋዴው ከብዙ ጉዞ የተማረው ብልሃት ነበረውና፥ ሌሊት ከመነሣታቸው በፊት ምንም አላበላቸውም፤ በኪሱ ሎሚ ይዞ ዐባይ በረሃ ሲደርሱ አሸተታቸው፤ ወንዱን ከመስኮት አጠገብ፥ ሴቲቱን ከመተላለፊያው በኩል አስቀመጠ። ከሁሉ የጠቀመው ግን ለልጁ ሥራ መስጠቱ ነበር። የሽምብራው ናሙና ያለበትን ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አሸክሞት፥ «ይህ የቤታችን ገንዘብ ነው፤ ከእጅህ አትለየው» ብሎታል። ልጁም ጎሐ ጽዮን እስኪደርሱ ድረስ እንቅልፍ ሳይወስደው ከረጢቱን በጉልበቱ መካከል ይዞ ተጓዘ። ሥራ የሌለው ልጅ በመንገድ ያለቅሳል፤ ሥራ ያለው ልጅ ግን ስንት ኪሎ ሜትር ቀረን ብሎ ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ጀምሮ የብዙ ሕዝብ ከተማ ናት። በአራዳ ሠፈር የአርመኑ፥ የግሪኩ፥ የጣሊያኑ፥ የየመን ዐረቡና የሕንዱ ሱቅ ጎን ለጎን ይኖር እንደ ነበረ የድሮ ነጋዴዎች ሁሉ ያውቁታል። ከሕንዶቹ መካከል ስሙ የገነነው የመሐመድ ዓሊ ኩባንያ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በሐረር ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሲሆን፥ ጨርቁንና ልዩ ልዩ ሸቀጡን በየአውራጃው ሲያከፋፍል ኖሮ በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1937 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። የሕንድ ግንበኞችና አናጢዎችም በምኒልክ ቤተ መንግሥት ሥራ ተካፍለዋል። እያንዳንዱ ሕዝብ ሲመጣ ድስቱን ይዞ መጥቷል። የጣሊያኑ ፓስታ በየሻይ ቤቱ ገብቶ የአገር ምግብ እስኪመስል ድረስ ተለምዷል፤ ሳምቡሳም ከየት እንደ መጣ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። የሕንዱ ዋና ማዕድ ግን ብዙ ጊዜ በሕንዱ ቤት ውስጥ ቀርቶ፥ ለሁሉ ሰው በግልጥ መቅረብ የጀመረው በኋላ በተከፈቱት ምግብ ቤቶች ነው።

ነጋዴው የእህል ላኪ ድርጅት ወኪል ከሆነ ሰው ጋር በደላላ አማካይነት ተቀጣጠረ። ወኪሉም ሕንዳዊ ገዢ እንግዳ ስለ ነበረው፥ ቀጠሮው በቦሌ በኩል ባለ በአንድ የሕንድ ምግብ ቤት እንዲሆን ነገረው። ቀኑ ጥር 21፥ የጾመ ነነዌ መጀመሪያ ሰኞ ነበር። ጾመኛው ነጋዴ ሰዓቱን ወደ ዘጠኝ እንዲያደርጉለት ለመነና ተፈቀደለት። ልጆቹን የሚተውበት ዘመድ ባለመኖሩ ይዟቸው ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ስለ ደረሱ ለብቻቸው ተቀመጡ፤ ትንሹም ልጅ፥ ታላቂቱ ምንም አያስፈልግህም ብትለውም እኔም እጾማለሁ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ያልቀመሰ ነበርና የወጥ ቤቱ ሽታ ዐይኑን አስፈጠጠው።

የምግቡ ዝርዝር ሲቀርብ አባትዮው የሥጋውን ወገን ዐልፎ «የአትክልት» ወደሚለው ተመለከተና ነገሩ ያለቀ መሰለው። አትክልት ከሆነማ ጾም ነው ብሎ፥ በአጠገቡ ለተቀመጡት ሰዎች የቀረበውን አረንጓዴ ወጥ በጣቱ አሳየ። ጎመን ይመስላል፤ በመካከሉም እንደ ድንች በአራት ማዕዘን የተቈረጠ ነጭ ነገር አለበት። በዚህ ጊዜ ልጅቱ፥

«አባየ፥ እማየ አደራ ብላኛለች፤ መጀመሪያ ልጠይቅ» አለችው።

አስተናጋጇንም፥ «እትየ፥ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ቅቤ የለበትም?» አለቻት።

«ቅቤም አለበት የኔ ልጅ፤ ነጩም ድንች እንዳይመስልሽ፥ ዐይብ ነው» አለች አስተናጋጇ።

ነጋዴው ደነገጠ። ይህ ስሕተት የእርሱ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ስለ ሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በሕንድ አገር ሥጋ የማይበላው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሥጋን፥ ዓሣንና ዕንቍላልን ቢተው ወተትን፥ ቅቤን፥ እርጎንና ፓኒር የሚባለውን ዐይብ አይተውም፤ እንዲያውም የምግቡ ክብር በእነዚህ ነው። የእኛ ጾም ደግሞ ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ ይከለክላል። ስለዚህ «አትክልት» የሚለው ቃል በሁለቱ አገር አንድ ትርጓሜ የለውም፤ ለጾመኛ ሕዝብ ምግብ የሚያስመጣ አስመጪም ሆነ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው በማስታወቂያው ላይ ይህን ለይቶ ቢጽፍ ብዙ ደንበኛ ያገኛል።

የቤቱ ባለቤት ብዙ ዘመን በአዲስ አበባ የኖረ ሕንዳዊ ስለ ነበረ ነገሩን ሰምቶ ቀረበ። አማርኛው ጥቂት ቢሰባበርም ይገባል። ስለ ጾሙ ሲነግሩት አልተደነቀም፤ እናቱ በወር ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ እንደምትጾም፥ ከጉጅራት አገር ነጋዴዎች መካከልም ጃይን የሚባሉት የሃይማኖት ሰዎች ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ እንደማይበሉ ነገራቸው። ከዚያም ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ሁሉ በዘይት ብቻ እንዲሠራ አዘዘ።

መጀመሪያ የቀረበው ፓኮራ ነው። ሽንኩርትና ድንች በሽምብራ ዱቄት ሊጥ ተነክሮ በዘይት የሚጠበስ ነው። ዱቄቱ ቤሰን ይባላል፤ ከሽሯችን የሚለየው ሽሮ ሽምብራው ተቈልቶና ተቀምሞ ሲፈጭ፥ ቤሰን ግን ሽምብራው ሳይቈላ ተፈትጎና ተከክቶ ብቻውን የሚፈጭ በመሆኑ ነው። ልጅቱ አንዱን ቈርሳ አሸተተችና፥ «አባየ፥ ይህ እኮ የእኛ ነጭ አዝሙድ ነው!» አለች። እውነትም ነበር። ሕንዶች አጅዋይን የሚሉት ቅመም እናቷ በርበሬ ስትደልዝ የምትጨምረው ነጭ አዝሙድ ነው። ከዚያ በኋላ የልጅቱ ምሳ ምሳ መሆኑ ቀርቶ ፍለጋ ሆነ። በቂጣው ላይ የተነሰነሰውን ጥቁር አዝሙድ አገኘች፤ በድንቹ ወጥ ውስጥ እርዱን በቀለሙ፥ አብሹን በምሬቱ፥ ድንብላሉን በሽታው ለየች፤ በሻዩ ውስጥ ሄልና ዝንጅብል አገኘች። ባለቤቱ ነገሩ ደስ ብሎት የቅመም ሣጥኑን ከወጥ ቤት አምጥቶ ከፈተላት። በሣጥኑ ውስጥ ካሉት ጎድጓዳ ቆርቆሮዎች መካከል ልጅቱ ስሙን ያጣችለት ሁለት ብቻ ነበር። በምትኩም እርሱ የማያውቀውን ኮረሪማን ነገረችው፤ ሄል ከሕንድ ጫካ የመጣ ሲሆን ዘመዱ ኮረሪማ ግን የዚህ አገር ተወላጅ ነውና።

ወንዱ ልጅ ያገኘው ደግሞ ሌላ ነው። ከፓኮራው ጋር የቀረበውን ጥቁርና ጎምዛዛ ማጥቀሻ ቀምሶ፥ «ሁመር! ሁመር ነው!» ብሎ ጮኸ። በዛሪማና በተከዜ ቆላ የበቀለ ልጅ የሁመርን ፍሬ ከዛፉ እየለቀመ ያደገ ስለ ሆነ አልተሳሳተም። ዐረቦች ይህንን ፍሬ «የሕንድ ተምር» ስላሉት በአውሮፓ ቋንቋም ስሙ ከዚያው ወጥቷል፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ግን ዛፉ ከአፍሪካ ወደ ሕንድ የሄደ ነው ይላሉ። በአንጻሩም የሁለቱን አገር ወጥ የሚያቀላው በርበሬ የሕንድም የኢትዮጵያም አይደለም፤ ከአሜሪካ ምድር ተገኝቶ ፖርቱጋሎች ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በባሕር ያዳረሱት ነው። የስምን ነገር ያመነ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ይታለላል።

ከዚያ በኋላ ከደቡብ ሕንድ የመጣው ዶሳ ቀረበ። ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ፥ ተፈጭቶ፥ አንድ ሌሊት ቦክቶ በምጣድ ላይ በስሱ የሚጋገር ነው። ልጁ እንጀራ የለም ተብሎ አዝኖ ነበርና ይህን ባየ ጊዜ ፊቱ በራ፤ ሲያነሣው ግን እንደ እንጀራ በመለስለስ ፈንታ ደርቆ ተሰበረበት። «እንጀራ ሆኖ ጠብሶታል» አለ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው በላው። በቀኝ እጅ መብላት በሁለቱም አገር ደንብ ነውና ሹካ የጠየቀ አልነበረም። ልጆቹ በቅመሙ ይቃጠላሉ ብሎ የፈራው ባለቤቱ፥ ሽምብራውን ወጥ ቀዝቀዝ አድርጎ ቢያቀርብላቸው ልጅቱ በትሕትና፥ «ጌታየ፥ ሚጥሚጣ ይኖራል?» ብላ ጠየቀች።

አባትዮው በበኩሉ ያስተዋለው የአሠራሩን ሥርዓት ነው። የእኛ ሴቶች ሽንኩርቱን አቁላልተው በርበሬውን ከመጀመሪያው ያበስላሉ፤ በመጨረሻም መከለሻ ይነሰንሳሉ። ሕንዶችም ጋራም ማሳላ የሚሉት የራሳቸው መከለሻ አላቸው፤ እርሱም እንደ እኛው ቀረፋ፥ ቅርንፉድ፥ ቁንዶ በርበሬና ሄል ያለበት ሆኖ በመጨረሻ ይጨመራል። በምስርና በሽምብራ ክክ ላይ ግን ሌላ ብልሃት ያክላሉ፤ ቅመሙን በጋለ ቅቤ ወይም ዘይት አንጨርጭረው ከነጩኸቱ በወጡ ላይ ያፈሱታል። ቅቤያቸውም ሲነጠር እንደ እኛ ኮሰረት አይገባበትም። የነጋዴው አባት በመምህሩ መስኮት ያሸተቱት ሽታ ይኸው የሚንጨረጨረው ቅመም መሆኑን ልጃቸው የተረዳው ያን ጊዜ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ወኪሉና ሕንዳዊው ገዢ ደረሱ። ልጁ ከረጢቱን ከአንገቱ አውልቆ ለአባቱ ሰጠ። ገዢው ጥቂት ፍሬ በመዳፉ ዘርግቶ በጣቱ ለያየ፤ አንዱን በጥርሱ ሰበረ፤ ብዙም አልተናገረም። ከዚያ ባለቤቱን ጠርቶ አንድ እፍኝ ሰጠውና ወጥ ሠሪው እንዲከካው ጠየቀ። ነጋዴው ልቡ ተሰቀለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክኩ በሰሐን መጣ። ፍሬው ትንሽና ቡናማ፥ የሐበሻ ሽምብራ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ግን እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ ተገኘ። ወጥ ሠሪው ይህ ለቻና ዳል፥ ማለት ለሽምብራ ክክ፥ ነጩና ትልቁ ካቡሊ ከሚባለው የበለጠ ነው አለ። ብዙ ነጋዴ የሚያስበው ነጩ ትልቁ ፍሬ ሁልጊዜ ይበልጣል ብሎ ነው፤ እንደ አረርቲ ያለው ነጭ ዘር ለሌላ ገበያ ጥሩ ዋጋ ማውጣቱም እውነት ነው። ለክክና ለቤሰን ግን ሕንዶች የሚፈልጉት ይህንኑ ቡናማውን ነው። ወጥ ሠሪው ግን በዚያው ሰሐን ጠርዝ ላይ ሦስት ጠጠር አስቀምጦ ነበር።

ገዢውም ጠጠሮቹን ወደ ነጋዴው ገፋ አደረጋቸው። ከአንድ እፍኝ ሦስት ጠጠር ከወጣ ከ160 ኩንታል ስንት ይወጣል የሚለውን ሒሳብ ማንም ሊሠራው ይችላል። በዐውድማ ላይ በጭቃ ምድር የተወቃ እህል ጠጠርና አፈር መያዙ የማይቀር ነው፤ ገበሬው አይወቀስበትም፤ በመጋዘን አንድ ዓመት ያቈየው ነጋዴ ግን ሳያስነፍስና ሳያስለቅም መተዉ ያስወቅሰዋል። በአገር ውስጥ ገበያ የቤት እመቤት በሰፌድ አበጥራ ስለምትለቅመው ነገሩ ተሰውሮ ይኖራል፤ በወደብ ግን የሚለቅም የለም፤ ዋጋ የሚቀንስ ብቻ ነው።

ስለ ቀረጡ ነገር ነጋዴው በፍርሃት ጠየቀ። ወኪሉ የመለሰለት መልስ ጎንደር ከተሰማው ወሬ የተለየ ነበር። የሕንድ መንግሥት በ2008 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዴልሂ በተደረገው የሕንድና የአፍሪካ የመሪዎች ስብሰባ ጊዜ፥ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩት አገሮች ዕቃ የቀረጥ ነፃ መብት ሰጥቷል፤ በ2014ም አብዛኛውን ዕቃ እስኪያጠቃልል ድረስ አሰፋው። ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናት። ስለዚህ ከመቶ 30 የተባለው ቀረጥ በዋነኛነት የሚመታው እንደ አውስትራልያ ያሉትን ታላላቅ ሻጮች ነው፤ የኢትዮጵያ ሽምብራ ግን የመነሻ አገር ምስክር ወረቀቱ በደንብ ተሞልቶ ከዕቃው ጋር እስከ ሄደ ድረስ በሌላ ሚዛን ይታያል። ወረቀቱ ሲጐድል ወይም በስሕተት ሲሞላ መብቱ ይቀራል። በጎንደር ወሬውን የነዙት ሰዎች ይህን አያውቁ ይሆናል፤ ያወቁትም ቢሆኑ ለሻጩ የሚነግሩበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ገዢውና ወኪሉ የተስማሙት እንዲህ ነው፤ ሽምብራው በአዘዞ ተነፍቶና በእጅ ተለቅሞ ንጹሕ ሆኖ ከቀረበ ወኪሉ 110 ኩንታል በመጋዘን ዋጋ ይረከባል። ዋጋውም ነጋዴው ከገዛበት በጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ የመጋዘኑን ኪራይ፥ የለቃሚዎቹን ደመወዝና የብድሩን ወለድ ከፍሎ ትርፉ የጉዞ ወጪ ያህል እንኳ አልሆነም። ቢሆንም ዕዳው ይወጣል። ነጋዴው ሊከራከር አፉን ሲከፍት ልጁ በወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወስዶት ባዶውን ከረጢት ታቅፎ አየው። ተስማማሁ አለ።

በአዘዞ 14 ሴቶች ለስድስት ቀን ለቀሙ። የወጣው ጠጠር፥ አፈርና ነቀዝ የበላው ፍሬ ተመዝኖ ሦስት ኩንታል ተኩል ሆነ። ዕቃው በጥር መጨረሻ ተጭኖ ሄደ። በዚያው ሳምንት ሕንድ በሽምብራ ላይ የጣለችውን ቀረጥ ወደ ከመቶ 40፥ በየካቲት ወርም ወደ ከመቶ 60 ከፍ አደረገች፤ ወሬውም እንደ ገና በጎንደር ገበያ ተነዛ፤ ዐዲሱም መኸር ገባ። የቀረውን ሽምብራ ነጋዴው ከሚስቱ ወንድም ጋር ሆኖ ለሽሮ ወፍጮ ቤቶች በገዛበት ዋጋ አከፋፈለው። የለቀማውን ወጪ ሳይጨምር ቢሸጠው ኖሮ በዚያ ገበያ ማን ይገዛው እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም፤ ንጹሕ በመሆኑ ወፍጮ ቤቶቹ ከሌላው አስቀድመው አነሡት።

ወደ ዛሪማ ሲመለሱ ልጅቱ ከመርካቶ ያስገዛችው አንድ ኪሎ ሄልና ግማሽ ኪሎ ቀረፋ በሻንጣው ውስጥ ነበር። እናትዮዋ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሽምብራው አልነበረም።

«ነነዌን ጾማችሁ?» አለች።

«ጾምን እማየ፤ አባየ ግን ዐይብ ሊያዝዝ ነበር» አለ ትንሹ ልጅ።

የካቲት 5 ቀን ዐቢይ ጾም ሲገባ፥ እናትና ልጅ ሽምብራ ሳይቈሉ አስፈጭተው፥ ነጭ አዝሙድና ቃሪያ ጨምረው በሱቁ ደጅ ፓኮራ መጥበስ ጀመሩ። ስሙ ለአፍ ስላልተመቸ ሰው ሁሉ «የሽምብራ ጥብስ» ይለው ነበር። ከሽሬ የሚመጣ አውቶቡስ በቆመ ቍጥር ልጅቱ በሰፌድ ይዛ ትወጣለች፤ ተሳፋሪው ዋጋውን ሲጠይቃት፥ ዋጋውን ከመናገሯ በፊት «ቅቤ የለበትም» ትል ነበር።